የተውሶ ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት አርብ ገበያ ከተማ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ ንፋስ መውጫ የምትማረው የልጅ ልጄ ጥያቄ ይዛ ጠበቀችኝ። «እማማ፣ ደርግ ተቀናቃኞቹን ገደለ፤ እሺ። ተራውን ሰው ምን ብሎ ገደለ?» አለችኝ። የመጽሐፍ መልስ ከኔ አይገኝም። እኔ የማውቀው መምህር ደምሴን ነው።

ደምሴ ፓርቲ ቢሉት ግድ የሌለው፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበር። ገብሱ ሲገባ ሽማግሌ ሊልክብኝ ተነጋግረናል፤ ከሁለታችን በቀር ማንም አያውቅም። ባቄላው ሲያብብ፣ ድሮ ያስተማረው አንድ ልጅ ከተማ ውስጥ በተቃዋሚነት ተይዞ ተገደለ። ቀጥለው ፊደል ያስቆጠረውን ደምሴን ወሰዱት። ሬሳውንም አልሰጡን። ያለቀሰ ግብረ አበሩ ነው ተባለ። እናቱ እትዬ ጥሩነሽ እንባቸውን ውጠው ውሃ ቀዱ፣ ገበያ ወጡ። እኔም እንደዚያው።

ገብሱ ታጭዶ ሲከመር አባ ውቤ ሞቱ። ዘጠና ያለፋቸው፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሌ ናቸው። እንዲህ ላለው ሰው እኛ አገር ለወጉ ያህል ይለቀሳል እንጂ ፊት አይነጭም። የዚያን ቀን ግን ሴቱ ሁሉ ፊቱን ነጨ። ከእስቴ የመጣ ዘመዳቸው፣ ምን ያህል ቢወደዱ ነው እያለ ይገረም ነበር፤ ምኑን አውቆ! የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጠመንጃውን ይዞ ዳር ቆሟል።

እትዬ ጥሩነሽ ደረታቸውን ሲመቱ ቆይተው አመለጣቸው። «ልጄን! ልጄን!» አሉ። ለዘጠና ዓመት ሽማግሌ!

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ አያቸው። የሟች ልጅ የሺ የአባቷን ጋቢ እንደያዘች ዘላ መሀል ገባችና እሷም «ልጄን!» አለች። ሴቱ ተቀበላት። የመንደሩ ሴት ሁሉ አንዱን ሽማግሌ ልጄን እያለ አለቀሰ። ሊቀመንበሩ ማንን ይያዝ? ጠመንጃውን አንግቶ ሄደ። የሺ የገዛ አባቷን ለቅሶ ነው ለሰው የሰጠችው፤ ነፍሷን ይማር።

እኔ ብቻ የምለው አጣሁ። ባሌን እንዳልል አላገባኝም፤ እጮኛዬን እንዳልል ሽማግሌው አልመጣ። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆምኩ።

ይህን ለልጅቱ አልነገርኳትም፤ የለቅሶውን ብቻ ነገርኳት። «ደርግ ተቀናቃኙን ለይቶ ያውቀዋል» አልኳት። «ተራው ሰው ግን በልቡ ማንን እንደሚወድ አይታየውም፤ ስለዚህ ሁሉንም ይፈራል። ለቅሶ የሚከለክለውም ስንት እንደሆንን እንዳንተያይ ነው።»

«መምህሩስ ለእርስዎ ምንዎ ነበር?» አለች።

አሁን ማን ይከለክለኛል? ሊቀመንበሩ ሞቷል። ባሌንም በወጉ አልቅሼ ቀብሬያለሁ። የደምሴ ናፍቆት ግን ዛሬም አንጀቴን ይበላኛል።

«የመንደራችን መምህር ነበር» አልኳት።