ግራ ፍሬቻ

ባለቤቴ ከአይሱዙው ኋላ በጀርባው ተንጋሎ ሽቦ በጥርሱ ይልጣል፤ እኔ እግሩ አጠገብ ፒንሳ ይዤ ቆሜ እበሳጫለሁ። የሚያበሳጨኝ ሽቦው አይደለም። በጉዟችን ዋዜማ እራት ላይ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብዬ ጠይቄው፣ የጎረሰውን እስኪውጥ ካስጠበቀኝ በኋላ «እንዳሻሽ» ብሎኝ ነበር። እንዳሻሽ! ይህችን ቃል የፈጠረ ሰው ሚስት ያልነበረው መሆን አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ በላክሁት ገንዘብ አንዲት ሚኒባስ ገዝተን ነበር። ባለቤቴ ከመካነ ሰላም ወግዲ እየተመላለሰ ይሠራባት ነበር፤ እኔም በእሷ ተማምኜ ጠቅልዬ አገሬ ገባሁ። ገና ዓመት ሳይሞላኝ ሞተሯ ነከሰ። ሾፌሮች እንዲህ የሚሉት ውስጡ ያለው ብረት እርስ በርሱ ተጣብቆ አልዞርም ሲል ነው። ደሴ ካልተወሰደች አትነሳም ተባለ። ክረምቱን ግቢያችን ውስጥ ቆማ ከረመች፤ ባትሪዋ ሞተ፤ አንዷ ዶሮም ከኋላ ወንበሯ ስር እንቁላል መጣል ጀመረች። በዚህ መሃል ለዓረብ አገር ሥራ ከተመዘገብኩበት የደሴ ኤጀንሲ ተደወለልኝ። «ቪዛሽ ወጥቷል፤ መጥተሽ አሻራ ስጪ» አሉኝ። ስለዚህ በዚያ ጉዞ ሚኒባሷ ወደ ጋራዥ፣ እኔ ደግሞ ወደ አሻራ ቢሮ ነበርን። ሁለታችንም ተጎታቾች መሆናችን ነው።

እውነቱን ለመናገር «አትሂጂ» እንዲለኝ ነበር የምፈልገው። ብሎኝ፣ እኔም እምቢ ብዬው፣ ተጣልተን ብሄድ እንኳ ይሻለኝ ነበር። ልጃችን እኔ አጠገቧ ቆሜ ውሃ ለመጠጣት አባቷን ታስፈቅዳለች። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኛለሁ፤ እንግዳን ደግሞ «እባክሽ ተቀመጪ» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

እሱ ግን ድሮም ቃል ይቆጥባል። ጅዳ ሳለሁ ስንደዋወል «ደህና ነሽ? እኛ ደህና ነን፣ አልሀምዱሊላህ። ልጅቷም ደህና ናት። ዝናብ ጥሏል» ይልና ያልቅበታል። ከዚያ ሁለታችንም ዝም። ስልኩን ግን አይዘጋውም። ያንን ትንፋሹን ለመስማት ስንት ካርድ እንደጨረስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ተመልሼ ስመጣ ግን ትንፋሹ ብቻውን አልበቃኝ አለ።

አይሱዙው የታላቅ ወንድሙ ነው። የወንድሙ ሚስት መውለጃዋ ደርሶ ስለነበር ወንድሙ ከከተማ መውጣት አልቻለም፤ ቁልፉን ሰጠን። አይሱዙውን ባለቤቴ ሊነዳ፣ የምትጎተተዋን ሚኒባስ መሪ ደግሞ እኔ ልይዝ ሆነ። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው፤ በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት፣ ኳስ ሜዳው ላይ። መንጃ ፈቃዱን ያወጣሁት ግን ከጅዳ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ወንድሙ የሽቦውን ብዛት ሲያይ ሳቀ።

«ይኼን ሁሉ ምን አደከመህ? ኋላዋ ላይ ቅጠል እሰርባትና ሂድ» አለው። በእኛ መንገድ ቅጠል የታሰረበት መኪና ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

«ሰው እኮ ነው የሚቀመጥባት» አለ ባለቤቴ ከመኪናው ስር ሆኖ። «አቀስታ ላይ ጉም አለ። በጉም ቅጠል አይታይም።»

«ሰው» ያለው እኔን ነው። ሚስቴ አላለም፣ የልጄ እናት አላለም፣ «ሰው» አለኝ። እንደገና ተበሳጨሁ።

የሚኒባሷ ባትሪ ስለሞተ የኋላ መብራቶቿ ኃይል የሚያገኙት ከአይሱዙው ነበር። እሱ ፊት ሆኖ ፍሬን ሲይዝ የእኔ የኋላ መብራት እንዲቀላ፣ እሱ ፍሬቻ ሲያበራ የእኔ ፍሬቻ ብልጭ ድርግም እንዲል፣ ሽቦውን ከአይሱዙው ጭራ አንስቶ በሚኒባሷ ሆድ ስር እስከ ኋላ ድረስ ዘረጋው። በየቦታው አሰረው፤ ጫፍ ጫፉን ጠምዝዞ ፕላስተር ጠቀለለበት። መጀመሪያ ሲሞክረው ፊዩዙ ተቃጠለ። የሁለት መኪና አምፖል ባንድ ፊዩዝ ከብዶት ነው አለኝ። የአይሱዙውን የኋላ አምፖሎች ነቅሎ ኪሱ ከተተና ሌላ ፊዩዝ አስገባ። አይሱዙው በኋላ በኩል ዕውር ሆኖ፣ የሁለቱም መኪና መብራት የእኔ ጭራ ላይ ብቻ ቀረ።

«እስቲ ኋላ ቁሚና የሚበራውን ንገሪኝ» አለኝና አይሱዙው ላይ ወጣ። ሄጄ ቆምኩ።

«ግራ!» ብሎ ጮኸ።

«ቀኝ በራ!» ብዬ መለስኩ።

«ግራ ነው ያበራሁት!»

«ቀኝ ነው የበራው!»

«ፊትሽን ወዴት አዙረሽ ነው የቆምሽው?»

«ወዳንተ ነዋ! ግራና ቀኜን አላውቅም እንዴ?»

ወርዶ መጣና አጠገቤ ቆሞ አየ። ቀኝ ነበር። ፊቱ ልውጥ አለ። እዚህ አገር መንገድ ላይ ፍሬቻ ለመታጠፊያ ብቻ አይደለም። ከፊትህ ያለው ከባድ መኪና ግራውን ካሳየህ «አትለፍ፣ የሚመጣ አለ» ማለቱ ነው፤ ቀኙን ካሳየህ «እለፍ፣ መንገዱ ነፃ ነው» ማለቱ ነው። ከኋላ ያለው ሾፌር ከፊት ያለውን ሳያይ፣ ይህችን ብልጭታ ብቻ አምኖ ይወጣል።

«ያረቢ! አትለፍ ስል እለፍ እያልኩ ሰው ልጨርስ ነበር» አለ።

«አንተማ ድሮም እንዲህ ነህ የተገጠምከው» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

ሽቦዎቹን ፈትቶ አቀያየራቸው። እንደገና ሞከርን። ግራ ሲል ግራ፣ ቀኝ ሲል ቀኝ በራ። እሱ ግን አላመነም፤ በቃ እስክለው ድረስ ደጋግሞ አስጮኸኝ። ጎረቤቶቻችን ምን እንደመሰላቸው እንጃ።

ጨረስን ብዬ እጄን ልታጠብ ስል፣ አንዲት ቀጭን ሽቦ በሾፌሩ በር በኩል ወደ ሚኒባሷ ውስጥ አስገብቶ፣ መሪው ፊት ለፊት የባቄላ ፍሬ የምታክል አምፖል በፕላስተር ሲለጥፍ አየሁት።

«ይቺስ ለማን ናት?» አልኩት።

«ላንቺ።»

«ለእኔ ምን ታደርግልኛለች?»

«የኋላው መብራት ከኋላሽ ላለው ሰው ነው፤ አንቺ አታይውም። የአይሱዙውን ደግሞ ነቅዬዋለሁ። እኔ ፍሬን ስይዝ ይቺ ትበራልሻለች። ስትበራ አንቺም ያዢ።» ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ «አብሽሪ» አለኝ።

አብሽሪ እኛ ዘንድ አይዞሽ ማለት ነው። ጅዳ ግን ይህችን ቃል ቀኑን ሙሉ የምለው እኔ ነበርኩ። እመቤቲቱ ውሃ አምጪ ስትለኝ «አብሽሪ»፣ ልብስ ተኩሺ ስትለኝ «አብሽሪ»። እዚያ «እሺ፣ እንዳልሽው» ማለት ነው። ከእኔ አፍ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው ሲሄድ ነው የለመድኩት፤ ወደ እኔ ሲመጣ ግር ይለኝ ነበር። ቁጣዬ ላላ። ይህን ግን ለእሱ አላሳየሁትም፤ ፒንሳውን ወርወር አድርጌ ሰጥቼው ሄድኩ።

ልጃችንን አክስቷ ቤት ትተን ረፋዱ ላይ ተነሳን። ሞተሩ የማይሠራ መኪና መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ድንጋይ ይሆናል። ሁለቱን መኪናዎች የሚያገናኛቸው የብረት ገመድ ነው፤ እሱ ፍሬን ሲይዝ እኔም ካልያዝኩ ሄጄ ጭራው ላይ እለጠፋለሁ። አምፖሏ ስትበራ በሁለት እግሬ እረግጣለሁ። ስትጠፋ እለቃለሁ። እሱም እንቁላል የጫነ ይመስል ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ለነገሩ ዶሮዋ የጣለችውን ማንም ስላላነሳ፣ እውነትም ጭነን ነበር። በመንገዱ ዳርና ዳር ገብሱ እሸት መያዝ ጀምሯል፤ ዝናቡ ግን ገና ጨርሶ አልወጣም፤ ሰማዩ እንደከበደ ነው።

አቀስታ ላይ ሻይ ልንጠጣ ወረድን።

«እጅሽ ዛለ?» አለኝ።

«አልዛለም» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ብርጭቆውን ያነሳሁት በሁለት እጄ ነበር። እሱም ይህን አይቷል፤ ስኳሩን ራሱ አማሰለልኝ።

«ደሴ ሳንገባ አንድ ነገር በለኝ» አልኩት። «ልሂድ ወይስ ልቅር?»

ማንኪያውን ብርጭቆዬ ውስጥ ብዙ አዞረው። «መጀመሪያ ስትሄጂ አትሂጂ አላልኩሽም» አለ። «አንቺ እዚያ ለፍተሽ ቤቱም መኪናውም መጣ። ሞተሩ የተበላሸው እኔ እጅ ላይ ነው። አሁን ሂጂም አትሂጂም የምለው በምን አፌ ነው?»

ይህን ያህል አከታትሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሌላ ሴት ብትሆን ታዝንለት ነበር። እኔ ግን ጭራሽ ባሰብኝ። እኔ የምጠይቀው ሰውዬውን፣ እሱ የሚመልስልኝ ስለ ሞተር!

«አፍ ካነሰህ በፈለግኸው ተናገር!» ብዬው ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ሚኒባሷ ውስጥ ገብቼ በሩን ጓ አድርጌ ዘጋሁት።

ከአቀስታ ወጣ እንዳልን ጉሙ ዋጠን። ገመዱ ከፊቴ ተነስቶ ነጩ ውስጥ ይጠፋል፤ የአይሱዙው ጀርባ አንዴ ይታየኛል፣ አንዴ ይሰወርብኛል። ያለችኝ ያቺ አምፖል ብቻ ናት። ትበራለች፣ እይዛለሁ። ትጠፋለች፣ እለቃለሁ። መንገዱን የሚያየው እሱ ነው፤ እኔ በእሷ በኩል እሱ ያየውን አያለሁ። እየተናደድኩበት፣ ደግሞም እሱን አምኜ፣ ዓይኔን ከእሷ ሳልነቅል ሄድኩ።

ትንሽ እንደሄድን በግራ መስታወቴ ውስጥ ጉሙ ብርቱካናማ ሲሆን አየሁ። ብልጭ፣ ድርግም። ብልጭ፣ ድርግም። የኋላ ግራ ፍሬቻዬ ነው። አምፖሉን ከተቀመጥኩበት ላየው አልችልም፤ ጉሙ ግን ብርሃኑን ይዞ እስከ መስታወቴ ድረስ አመጣልኝ። ከኋላችን ሊያልፍ የፈለገ መኪና አለ ብዬ ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ሊታጠፍ ነው አልኩ፤ በግራ በኩል ገደል እንጂ መንገድ የለም። ረስቶት ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጠፋም። ሽቦው እንደገና ተሳስቶ ይሆን? ስል፣ ጠዋት ራሴ ከኋላ ቆሜ፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ግራ ሲል ግራ መሆኑን ያረጋገጥኩት ትዝ አለኝ።

በዚያ ባዶ መንገድ ላይ፣ ከኋላችን አንድም ሰው ሳይኖር፣ ባለቤቴ «አትለፊ» እያለኝ ነበር።

አለቀስኩ። እየሳቅኩም ነበር። እንባዬን ልጥረግ ብል ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ ናቸው፤ ዝም ብሎ ወረደ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ በስልክ የሰማሁት ትንፋሽ ምን ይል እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ወደድኩት፤ በጣም ወደድኩት። ልመልስለት ፈለግኩ፤ ግን ሽቦው ሁሉ ከእሱ ወደ እኔ ነው፤ ከእኔ ወደ እሱ የሚሄድ አንድም የለም። ጥሩንባ እንዳልነፋ ባትሪው ሞቷል። አምፖሏ ሳትበራ ፍሬኑን ሁለቴ ረገጥ፣ ለቀቅ አደረግኩት። ገመዱ ሁለቴ ሳብ ሳብ አለ። ከፊት ጉሙ ውስጥ አንድ እጅ በመስኮት ወጣ፤ ትንሽ ቆየና ተመለሰ።

ወደ ደሴ ስንጠጋ ጉሙ ተገፈፈ። ፍሬቻው ግን አልጠፋም። አንድ አውቶቡስ ከኋላችን ደረሰብን። መንገዱ ቀጥ ያለና ባዶ ነው፤ ፍሬቻዬ ግን አትለፍ ይለዋል። ቆየ፣ ቆየና ጥሩንባውን ለቀቀው። በመጨረሻ ወጥቶ ሲያልፈን ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አስግጎ የማይጻፍ ነገር ተናገረን። እኔ በፈገግታ ሰላም አልኩት። ለእሱ የተባለ አልነበረም፤ ይህን ደግሞ በምን ላስረዳው?

ጋራዡ ግቢ ገብተን ስንቆም ቦርሳዬን ይዤ ወረድኩ። ፓስፖርቴና የኤጀንሲው ወረቀት ውስጡ ናቸው። አሻራ የሚሰጥበት ቢሮ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ከመዘጋቱ በፊት ይደረስበታል። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና ሚኒባሷን ዞሮ አያት። ኋላዋ ጋ ሲደርስ ሳቀ።

«ወንድሜ፣ ፍሬቻህን ሳታጠፋ ረስተኸዋል» አለው።

ባለቤቴ ከአይሱዙው እየወረደ ነበር። የተመለከተው ግን መካኒኩን አይደለም፤ እኔን ነው።

«አልረሳሁትም» አለ።

ቦርሳዬን ወደ ሚኒባሷ መልሼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት።