በጭቃ የተመረገው ስንዴ

ከገሳይ ከተማ ወረድ ብሎ ባለው ቀያችን እህል መሸጥ የወንድ ሥራ ነበር። ሴቷ ነጭ ሽንኩርቷን ይዛ ገበያ ትወጣ እንደሆነ እንጂ ኩንታል አትሸጥም። ጥር ሲገባ ሁሉም ይሸጣል፤ እኔም አህያዬን ጭኜ ደብረ ታቦር እሄድና ነጋዴው የጠራውን ተቀብዬ እመለሳለሁ። እንዲሁ ኖሬ አረጀሁ።

ባለቤቴ ታዲያ ለገበሬ ሴቶች የእህል ግብይት ትምህርት መጥቷል ሲሏት ሄደች። ሁሉን ባንድ ቀን አለመሸጥን፣ ክፉ ጊዜ ቢመጣ በምን እንደሚታለፍ ቀድሞ ማሰብን ነው የሚያስተምሯቸው። እኔ ዳዊት ለመድገም ያህል ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ እሷ ያንንም አልቆጠረችም። የሰማችውን ግን አንዱን ሳትጥል ይዛው ትመጣለች።

በዚያው ዓመት ከሁለቱ በሬዎቼ አንዱ ሞተብኝ። በሬ ያጣ ገበሬ መሬቱን ለሌላ ሰጥቶ ምርቱን እኩል ይካፈላል። እኔም የፈራሁት ይኸንኑ ነው። ስንዴው ተወቅቶ እንደገባ፣

«ሁሉንም ልሽጥና በሬ ልግዛበት» አልኳት።

«አሁን ብትሸጠው ግማሽ በሬም አይገዛልህ። ሁሉም የሚሸጥበት ጊዜ ነው።»

«ነቀዝ ቢበላውስ?»

«የነቀዙንም አስተምረውናል።»

«በምን ልረስ ታዲያ?»

«ጎረቤታችንም ያለው አንድ በሬ ነው። ዋጋው እስኪወጣ፣ እስከ ግንቦት ተቀናጁ።»

ስንዴውን ደጋግማ ፀሐይ አስመታችው። ዘሩን ለብቻ፣ ቀለባችንን ለብቻ አደረገች። ለማዳበሪያ መግዣ የሚሆን ትንሽ ሸጠች፤ የቀረውን ጎታ ውስጥ ከታ አፉን በጭቃ መረገችው።

ብዙ ሳይቆይ ነጋዴው ራሱ በኢሱዙ መጣ።

«እናቴ፣ ዋጋው ሊወርድ ነው። አሁን ይሽጡልኝ፣ ኋላ እንዳይቆጭዎት።»

«ሊወርድ ከሆነ አንተ ምን አስቸኮለህ ልጄ? ቆይተህ በርካሽ አትገዛም?»

ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። «አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ቀንበሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እሱን አየሁ፤ ጭቃውንም አየሁ።

«የመረገችው እሷ ናት» አልኩት።

ሄደ። ያ በጋ ግን እንዴት ረዘመብኝ። እሷ ደብረ ታቦር ላለችው እህቷ እየደወለች የገበያውን ዋጋ ትጠይቃለች፤ ስልኩን ዘግታ «ገና ነው» ትለኛለች። እኔና ጎረቤቴ በሬዎቻችንን አቀናጅተን ተራ በተራ አረስን።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ደውላ ስትጨርስ ተነሳችና ጭቃውን ፈነቀለች። ያኔም ሁሉንም አልሸጠችም፤ «ዝናቡ ቢዘገይስ?» ብላ ከፊሉን አስቀረች። የተሸጠው ብቻውን በሬ ገዛ። ዕድሜውን ለማወቅ ጥርሱን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ዋጋውን የተከራከረችው እሷ። ባለ በሬው ለእኔ ሲናገር መልሱ ከእሷ እየመጣ ተቸገረ።

ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ የቀያችን ሰው አገኘን።

«አባባ፣ ማለፊያ በሬ ነው። ገዙ እንዴ?»

«የገዛችው እሷ ናት። እኔ ነጂ ነኝ» አልኩት።

ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር፤ ዞርም አላለች።

«ነጂ ከሆንክ ንዳዋ፣ ሊመሽብን ነው» አለችኝ።