ነዳጅ የማትጠጣው የኦቢዲኬ ሞተር

ኦቢዲኬ ዕድሜውን ሙሉ በናይጄሪያዋ ከተማ ኦኒትሻ ጄኔሬተር ሲጠግን ኖሮ ጆሮው ደክሟል። ሚስቱ አኩና ቀስ ብላ ስታወራው አይሰማም፤ ስትቆጣ ግን ጥርት ብሎ ይሰማዋል። መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ በሙሉ መንደቅደቅ ሲጀምር «አንድ ቀን ዝም አሰኛችኋለሁ!» እያለ ይዝታል። የሚዝተው በጎረቤቶቹ ላይ ሳይሆን በጄኔሬተሮቹ ላይ ነው።

አንድ ክረምት ሐሳቡ መጣለት። ባትሪ ሞተር ያዞራል፣ ሞተሩ በቺንጋ ዲናሞ ያዞራል፣ ዲናሞው ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ የተረፈው ለቤት። ነዳጅ የለ፣ ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ።

«የተረፈው ከየት ነው የሚተርፈው?» አለችው አኩና፣ የምትሸጠውን ዓሣ እየመዘነች።

«ከመዞሩ።»

«እኔም ቀኑን ሙሉ ስዞር ነው የምውለው። የሚተርፈኝ ድካም ብቻ ነው።»

ኦቢዲኬ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ በተሞላ ባትሪ አምፖል አበራና ልቡ አበጠ። ባትሪው እስኪደክም ቢጠብቅ ኖሮ ከብዙ ጣጣ በዳነ ነበር። እሱ ግን ደስታው አላስቻለውም፤ ሞተሯን አጥፍቶ ለሰፈሩ ሊያወራ ሮጠ።

ችግሩ የአኩና ፍሪዘር ነው። የቤቱ ኑሮና የልጆቻቸው የነኬሌቺ ትምህርት እዚያ ውስጥ ባለው ዓሣ ላይ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ዓሣውን ከመበላሸት የሚያድነው ደግሞ አሮጌው ጄኔሬተር። ኦቢዲኬ ይህንኑ ጄኔሬተር ለቁራሌው ለኦኳራ ሊሰጠው ተስማማ፤ አዲሷ ሞተር ሰው ፊት ሠርታ በታየችበት ቀን እንዲወስደው።

ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ ግቢው ውስጥ ታጨቀ። መብራት ከጠፋ ሳምንታት ሆኖታል። ኦኳራ ጋሪውን ይዞ መጣ። ተጸለየ፣ እንደ አገሩ ወግ የኮላ ፍሬ ተቆርሶ ታደለ። ኦቢዲኬ ሞተሯን በአሮጌው ጄኔሬተር ቦታ ሰክቶ አስነሳ፤ ዞረች። የቤቱ አምፖል ግን ጭል እንኳ አላለም።

«ኦጋ፣ አለቃዬ፣ ነዳጅ አልጠጣም ካለች ቢራ ሞክርላት!» አለ ኦኳራ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። ኦቢዲኬን ላብ አጠመቀው።

ወዲያው አምፖሉ ቦግ አለ። ፍሪዘሩ አጉረመረመ። ሰው እንደ ልማዱ በአንድ ድምፅ «መብራት መጣ!» ብሎ ጮኸ፣ ኦቢዲኬም ለእኔ ነው ብሎ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። በዚህ መሀል ቺንጋው ጧ ብሎ ተበጠሰና ዲናሞው ቆመ። አምፖሉ አሁንም ያበራል።

«እናንተ ሰዎች!» ኦኳራ ጭንቅላቱን ያዘ። «ቆማም ትሠራለች!»

ጭብጨባው ግቢውን አናጋው። ኦቢዲኬ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን እጀታ አየ። ወደ ላይ ሲሆን ቤቱን ከመንገዱ የመብራት መስመር፣ ወደ ታች ሲሆን ከጄኔሬተር ያገናኛል። ኦኒትሻ ውስጥ ጄኔሬተር ያጠፋ ሰው እጁ ሳያስበው እጀታውን ወደ ላይ ይመልሳል፣ መብራት ሲመጣ እንዲያውቅ። ጠዋት አሮጌውን ሲያጠፋ የሱም እጅ ይህንኑ አድርጓል። ሞተሯ ከቤቱ ጋር ጭራሽ አልተገናኘችም፤ የመጣው የመንገዱ መብራት ነው።

ኦኳራ አሮጌውን ጄኔሬተር ጋሪው ላይ ጭኖ ገመድ እያሰረ ነው። ኦቢዲኬን ዝም ማለት እንዴት አማረው! በሕይወቱ እንዲህ ተጨብጭቦለት አያውቅማ። ፍሪዘሩን ተደግፋ ወደቆመችው አኩና ዞር አለ። አታጨበጭብም።

«ኦኳራ፣ አውርደው!»

«ምኑን?»

«ጄኔሬተሩን! የኔ ሞተር አይደለችም፣ መብራት መጥቶ ነው!» እጀታውን ወደ ታች ሳበው። አምፖሉ ጠፋ፣ ፍሪዘሩ ዝም አለ።

ሳቁ አይጣል ነበር። ደግነቱ ብዙ አልቆየም፤ ሁሉም ስልኩን ሊሞላና ልብሱን ሊተኩስ ወደየቤቱ በረረ። ኦቢዲኬ እጀታውን መልሶ ፍሪዘሩን አስነሳና ሚስቱ ፊት ቆመ።

«እጀታውን አይተሽው ነበር እንዴ?»

«ገና ሞተሯን ሳታስነሳ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ፣ የኬሌቺ እናት?»

«መጀመሪያ ሰው ፊት አላዋርድህም ብዬ።» የፍሪዘሩን ክዳን ጫን አድርጋ ዘጋችው። «በኋላ ደግሞ ከጭብጨባውና ከእኔ የትኛውን እንደምትመርጥ ልየው ብዬ።»

ኦቢዲኬ ጄኔሬተሩን ከጋሪው ሊያወርድ ሄደ።