የአውድማው ነፋስ

ሰሞኑን እንጅባራ ቤታችን ውስጥ የልጅ ልጄ የቤት ሥራ ይዛ ተቀመጠች። የተለያዩ አገሮች ሰዎች ለአዝመራቸው እንዴት እንደሚያመሰግኑ ተምረው፣ «በእናንተስ አካባቢ?» ተብለዋል። አንዱ አገር ዱባ ያበስላል፣ ሌላው በሩዝ ነዶ ዙሪያ ይጨፍራል። «አያቴ፣ እኛስ?» አለችኝ። የቤት ሥራው የተሰጠው ለእሷ፣ የከበደው እኔን። የአውድማውን ወግ ነገርኳት፤ ግማሹን ብቻ።

ዛሬ ለከሰል የሚተከል ዛፍ የወረሰው መሬታችን ያኔ ገብስ ያበቅል ነበር። ስንወቃ በአውድማው በኩል ያለፈ ሰው «እግዜር ይባርከው» ካለ፣ አባቴ በሰውየው ጋቢ ጫፍ ገብስ ያደርግለታል። መለመን የለም፤ ሰላምታው ይበቃል። እግዜርን የምናመሰግነው በአላፊው እጅ ነው ይል ነበር አባቴ።

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በረዶ አዝመራውን መታው፤ አባቴም ታሞ ተኛ። አውድማው ለእኔ ቀረ። የታኅሣሥ ፀሐይ ያደረቃት ያቺ ትንሽ ክምር እስከ ሰኔ እንኳ የምታደርሰን አልመሰለኝም። ፈራሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ጋሼ አየነው ሲመጣ አየሁት። የእሱን ማሳ በረዶው ጠራርጎት ነበር፤ ሚስቱ ደግሞ ከወለደች ገና ሦስተኛ ቀኗ። ለምን እንደመጣ አላጣሁትም። ንጹሑን ገብስ ቶሎ ብዬ በገለባ ሸፈንኩት።

«እግዜር ይባርከው» አለኝ፣ የጋቢውን ጫፍ ሰብስቦ እንደያዘ። አባቴን በአካባቢያችን ቋንቋ በአውንጊ ነበር የሚያናግረው፤ እኔን የከተማ ተማሪ ስለሆንኩ በአማርኛ።

«አሜን ጋሼ። ነፋስ እምቢ ብሎን ገብሱን ገና ከገለባው አልለየንም።»

ይህን ስል ነፋሱ ጋቢውን እያውለበለበው ነበር። ገለባውን አየ፤ እኔን አየኝ።

«እንግዲያው ይሙላላችሁ» አለና ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ተመለሰ።

ከዚያ በአራተኛው ቀን ጩኸት ሰማን። አራሷ አረፈች። ሴቶቹ ደም ፈስሷት ነው ቢሉም፣ በቤቱ ለገንፎ የሚሆን ዱቄት እንዳልነበረ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። አባቴ ምንም ሳያውቅ ለለቅሶው አንድ ቁና ገብስ አሸከመኝ። ጋሼ አየነው ደጃፉ ላይ ተቀበለኝ። አልተቆጣም።

«እሰይ፣ ነፋሱ መጣላችሁ?» አለኝ።

ይቅርታ ልለው አስቤ ነበር። እህሉን አስቀምጬ ወጣሁ። እሱም ካረፈ ቆየ፤ ይቅርታዬ ከእኔው ጋር ቀረ።

የልጅ ልጄ ጽፋ ጨረሰችና አነበበችልኝ፦ «በእኛ አገር ከአውድማ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው የለም።» ቀና ብላ አየችኝ። «ልክ ነው አይደል፣ አያቴ?»

«ልክ ነው» አልኳት። ገለባውን ዛሬም አላነሳሁትም።