በጆንያ የሸኘኋት ድመት

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አሁንም አበባዬን ውኃ ባጠጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ከሰባ ዓመት በላይ ስኖር ብዙ ሞኝነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውንም የሳቅሁበት እኔው ነኝ። በዚህኛው ግን ሳቁን ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ።

የምኖረው ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ነው። ባለቤቴ ስታርፍ የተወችልኝ ጓሮ ያለውን የአበባ መደብ ነው። በሕይወት ሳለች «ገብስ አራሽ ለአበባ አይጎነበስም» እያልኩ አንድ አረም እንኳ ነቅዬላት አላውቅም። ከሞተች በኋላ ግን ጎነበስኩ። ጽጌረዳው ለወርኃ ጽጌ እንዲደርስልኝና እንደ እሷ እቅፍ ሙሉ ቆርጬ ለእመቤታችን ሥዕል እንዳቀርብ ነበር ሐሳቤ።

ይህን ሐሳቤን የምታፈርስብኝ የጎረቤቴ የእማሆይ ድመት ነበረች። እማሆይ ብቻቸውን የሚኖሩ መነኩሴ ናቸው፤ ስኳር በሽታ እግራቸውን አደንዝዞት በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ድመቲቱን «ውሮ» ይሏታል። ውሮ እኔ የኮተኮትኩትን አፈር ካየች አታልፍም። ትጭራለች፣ ትጸዳዳለች፣ በጨዋ ደንብ መልሳ ትሸፍናለች። ችግኜ ግን ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ ይቀራል።

በርበሬ በተንኩባት፤ ነፋሱ ዞረና ቀኑን ሙሉ ያስነጠሰው እኔን ነው። ድንጋይ ወረወርኩ፤ የሰበርኩት የራሴን እንስራ ነው። አንድ የሰፈር ሰው «የአይጥ መርዝ በሥጋ ያድርጉና ይስጧት» አለኝ። «የእግዜርን ፍጡር አልገድልም» ብዬ ተቆጣሁት። ያን ቀን ራሴን ከጻድቃን ተርታ ነበር ያቆምኩት።

እኛ ዘንድ ድመትን ሳይገድል ማራቅ የፈለገ ሰው በጆንያ ከቶ ወንዝ ያሻግራታል። መንገዱ እንዲጠፋባትም ጆንያውን ሦስት ጊዜ ያዞራል። በመስከረም መጨረሻ ለዘመድ ተዝካር ወደ ስማዳ፣ ወገዳ የምሄድበት ቀን ደረሰ። ማለዳ ውሮን በቋንጣ አባብዬ ከተትኳት። ሦስቴ ሳዞራት እኔም አብሬ ዞሮብኝ አጥር ተደግፌ ቆየሁ።

መኪናው ውስጥ ጆንያው አለቀሰ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «አባት፣ ምን ይዘው ነው?» አለችኝ።

«ዶሮ ናት።»

«ዶሮ እንዲህ ትጮሃለች?»

«አርጅታ ነው። እኔስ ድሮ እንዲህ ነበር የማወራው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። በጨዋታ አዋቂነቴ ኮራሁ።

ወንዙን ተሻግረን ወገዳ ስደርስ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ፈታኋት። እዚያ አይጥ አይጠፋም፤ ከእማሆይ ቤት የተሻለ ኑሮ ሰጠኋት ብዬ አሰብኩ። አንድ ጊዜ ዞራ አየችኝና ከእንጨት ክምር ሥር ገባች።

ስመለስ እማሆይ ደጃቸው ቆመው ይጣራሉ።

«አያ ተገኘ፣ ውሮን አላዩልኝም?»

«ኧረ አላየሁም» አልኩ። ይህ አልበቃ ብሎኝ አብሬያቸው ፈለግሁ። በየአጥሩ ሥር እየተጎነበስኩ «ውሮ፣ ውሮ» አልኩ። ከእሳቸው ይልቅ አሳምሬ ነበር የምጣራው።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። አበባው አማረ። የመጀመሪያውን እቅፍ ቆርጬ በማለዳ እማሆይ ዘንድ ወሰድኩ። ግማሹ ጉራ፣ ግማሹ ሕሊናዬን ማባበያ ነበር።

አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። «እሰይ፣ ምን ያለ አበባ ነው» አሉ ፊታቸው በርቶ። የእኔ ዓይን ግን እግራቸው ላይ ቀረ። ከብርድ ልብሱ የወጣው ቀኝ እግራቸው ሁለት ጣቶቹ ተበልተዋል። ደሙ አንሶላው ላይ ደርቋል።

«እማሆይ፣ እግርዎ...»

«እግሬ ምን ሆነ?» አሉና ዳዊቱን እንደያዙ ጎንበስ ብለው አዩ። ምንም አልተሰማቸውም ነበር። «አይጥ ነው» አሉ። «ውሮ እግሬ ሥር ነበር የምትተኛ።»

ጎረቤት ጠርቼ ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ቁስሉ አመረቀዘና ከጣቶቹ የተረፈውን ቆረጡት።

ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ስንት ስግደት ሊያዙኝ ነው ብዬ ጉልበቴን እያሸሁ ስጠብቅ፣ «ስግደቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ለእሳቸው ይንገሯቸው» አሉኝ። ሺህ ስግደት በቀለለኝ።

ለእማሆይ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጆንያውን፣ ወንዙን፣ አብሬ መፈለጌን። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«የት ነው የተዉአት?» አሉኝ።

«ወፍጮ ቤት አጠገብ።»

«እንግዲያስ አልራባትም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ ወገዳ ሄድኩ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ «ውሮ» እያልኩ ስዞር ባለወፍጮው ወጣ። ነገሩን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «አባት፣ እኛ ለአይጡ መርዝ እናስቀምጣለን። መርዙን የበላውን አይጥ ስለሚበላ ድመት እዚህ አይበረክትም» አለኝ።

ይህን ለእማሆይ አልነገርኳቸውም። ከዳዊት በቀር ሌላ አያነቡምና እዚህ ብጽፈው አይደርሳቸውም።

አንዲት ግልገል ድመት ፈልጌ አመጣሁላቸው። በአበባዬ መካከል የቀጋ እሾህ ነሰነስኩ። ከአጥሩ ሥር ደግሞ አፈር ከስክሼ፣ አመድ ቀላቅዬ፣ ለእሷ ብቻ ለስላሳ ቦታ አበጀሁ። እዚያ ትጭራለች፤ አበባዬን ነክታ አታውቅም። ሥራው ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም። ዕድሜ ልኩን አፈር ሲገፋ የኖረ ገበሬ፣ ድመት የምትፈልገው አንድ ክንድ አፈር መሆኑን ለማወቅ የሰው ጣት አስከፈለ።

እማሆይ ለግልገሏ ሌላ ስም አላወጡላትም። አመሻሽ ላይ ደጃቸው ወጥተው «ውሮ» ሲሉ እሷ ሮጣ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ፣ ሽማግሌው፣ የፊተኛዋን የሚጠይቁኝ እየመሰለኝ አቤት ልል ይቃጣኛል።