ለእማሆይ ያረጠብኩት ሻሽ

ቁም ሣጥኔን ሳጸዳ ያ ሰማያዊ ሻሽ ከታች ወጣ። ስንቴ ታጥቧል፣ ስንቴ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ግን ዛሬም ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ልጄ "እማዬ፣ ይሄ አይጣልም እንዴ?" ብላ ብታነሳው ነጥቄያት ጓዳ ገባሁ። የገዛ ልጄ እንኳ ስትነካው አልወድም። ምን ላድርግ፣ ቀናተኛ ነኝ። ብትስቁም ሳቁ፤ ግን ስሙኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የሱዳን የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጁባ፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ አጠገብ የቆርቆሮ ምግብ ቤት ከፍቼ ነበር። ዓሣውን ራሴ ወንዝ ዳር ካለችው ከረጃፍ አመጣለሁ፤ የማመጣውም በእማሆይ ነው። እማሆይ መኪናዬ ናት፤ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባች፣ ከላይ ቢጫ ሸራ የለበሰች ላንድሮቨር። ቆቧን የደፋች መነኩሲት ስለመሰለችኝ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ዳገት ስትወጣ ታቃስታለች፣ ቁልቁለት ስትወርድ ታጉተመትማለች። የማናግራትም በአንቱታ ነበር። "እማሆይ፣ ይነሡ እንጂ፣ ዓሣው ሊሸት ነው!" እላታለሁ። ጠዋት የወንዙ ጭጋግ ሳይገለጥ የእርጥብ ሣር፣ የዓሣና የቤንዚን ሽታ ተቀላቅሎ በመስኮቷ ሲገባ፣ ከዚያ በላይ ሀብታም ሆኜ አላውቅም።

አንድ አመል ግን ነበራት። ቀትር ላይ መንገድ መሃል ድርግም ብላ ትቆማለች። መጀመሪያ ሰሞን ሰው እየለመንኩ አስገፋት ነበር። በኋላ አንድ የድሬዳዋ ልጅ የሆነ መካኒክ ኮፈኗን ከፍቶ ሳቀብኝ።

"እህቴ፣ ምንም አላመማትም። ሙቀቱ ነው፤ ቤንዚኑ ሞተሩ ጋ ሳይደርስ ይተንባታል። ይቺን ፓምፕ በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዢላትና ትንሽ ታገሻት" አለኝ።

ሻሼን ከራሴ ላይ ፈታሁና ከጄሪካን ውሃ አርጥቤ ፓምፑ ላይ ጣል አደረግኩት። ጥቂት ቆይቼ ቁልፉን ሳዞረው ተነሣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻሹ የእሷ ሆነ። ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባሯን አቀዘቅዝላታለሁ፤ ሰው ካየኝ ግን ውሃ የምጨምርላት እመስላለሁ። የሁለታችን ምስጢር ነበር።

ታዲያ ለምን ሸጥሻት አትሉኝም? ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነዋ! ከተማው በአዳዲስ ነጫጭ መኪና ተሞላ። ደንበኞቼ፣ የአገሬ ልጆች ሾፌሮች፣ "እህትዓለም፣ መነኩሲትሽ ገዳም አልገባችም?" እያሉ ሲስቁብኝ አፈርኩባት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። ጉዴሌ ሰፈር የሚኖር አንድ ሰው እንድሸጥለት ጠየቀኝ፤ ደቡብ ሱዳናዊ ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ ጋምቤላ ስላደገ አማርኛው ከእኔ አይተናነስም።

"እህቴ፣ አመል አላት?" አለኝ ቁልፉን ሲቀበል።

"ምንም የላትም።"

ከወንበሩ ሥር ሻሹን አውጥቶ "ይሄስ?" ሲለኝ "መወልወያ ነው" አልኩት። ውሸቴን ነበር። እኔን ብላ እሱን እምቢ እንድትለው፣ ተማርሮም እንዲመልስልኝ ፈልጌ ነበር።

በሳምንቱ ላብ አጥምቆት መጣ። "የወንዙ ድልድይ ላይ ቆመችብኝ። አንቺ ጋም ትቆም ነበር?"

"እኔ ጋማ አንድ ቀን ቆማ አታውቅም!" አልኩት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ደስታዬ ግን አልቆየም። አንድ ቀትር በአዲሷ ነጭ መኪናዬ ወደ ገበያው ስታጠፍ እማሆይን አየኋት። ኮፈኗ ተከፍቷል። የሰውየው ሚስት ልጅ አዝላ ጎንበስ ብላ ሻሼን ፓምፑ ላይ ታለብሳለች። ጨርቁን ልታጥብ ስትዘረጋው መሃሉ ላይ የቀረውን ክብ የዘይት ምልክት አይታ፣ የሚገጥምበትን ስትፈልግ ፓምፑን እንዳገኘች በኋላ ነው የሰማሁት። ያኔ ግን ባሏን ከሌላ ሴት ጋር እንዳየች ሚስት መሪዬ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ቅናት አላስቀመጠኝም። ሰበብ እየፈለግኩ በጉዴሌ አቧራ እመላለሳለሁ። አጥበው አሳምረዋታል። ልጆቻቸው በቋንቋቸው "አያታችን" ይሏታል አሉ፤ እኔ ያወጣሁላትን ስም ትተው! ዝናቡ መጥቶ ነጯ መኪናዬ ጭቃ ውስጥ ስትሰጥም ጎትታ ያወጣችኝም እማሆይ ናት፤ መሪዋን የያዘው ግን እሱ ነበር። አመሰግናለሁ ማለት አቅቶኝ አንገቴን ብቻ ነቀነቅኩ።

ደቡብ ሱዳን ነፃ ወጥታ ባንዲራው በየበሩ በተሰቀለበት ዓመት ሰውየው ምግብ ቤቴ መጣ። ሻሹን ታጥቦ ታጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

"እማሆይን ከሸጥኳት ስድስት ወር ሆነኝ። ባለቤቴ 'ይሄን ለባለቤቱ መልስ' አለችኝ" አለ።

"ለገዢው ለምን አልሰጠኸውም?"

ሻሹን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ "አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ።

እሱም እንደኔ እንድትመለስለት ተመኝቶ ምስጢሯን ከገዢው ደብቋል። የጀመርኩትን ወጥ አቋርጬ "ተነሥ፣ ወዳለችበት ውሰደኝ" አልኩት። ድልድዩን ተሻግረን፣ ሸሪካት የሚባለውን ሰፈር አልፈን ከገዢው ግቢ ደረስን። ከመኪናው ስወርድ እጄ ልማዱን አልረሳምና ሻሹን ከጄሪካን ውሃ አረጠብኩት።

ማንጎ ዛፍ ሥር ነበረች። ቢጫ ቆቧ ተቀዷል፣ ጎማ የላትም፣ እኔ እቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋለች። ይቅር ይበለኝ፣ በዶሮዋም ቀናሁ። ኮፈኗን ቀና አደረግኩት። ውስጧ ባዶ ነው፤ ከሥር ሣር በቅሏል።

"ሞተር ማፊ" አለ ገዢው፣ የለም ማለቱ ነው። ቀትር ቀትር እየቆመች ስላማረረችው ሞተሯን ፈታትቶ እንደሸጠው በአረብኛ ነገረን። የጉዴሌው ሰው መሬት መሬት ያያል። ምንም ሳያማት፣ ሁለታችን የሻሹን ነገር ለገዢ ባለመንገራችን ሞተች።

ሻሹን የምጥልበት ቦታ አጥቼ በእጄ እንደያዝኩት ቆምኩ፤ ውሃው ጫማዬ ላይ ይንጠባጠባል። "እማሆይ፣ ይነሡ እንጂ" ልላት ነበር፤ ትቼው ሻሹን ጨመቅኩና ይዤው ተመለስኩ።