ሐኪም ቤት ውስጥ ያቀለጥኩት እልልታ

ዛሬ እዚህ ኡጋንዳ፣ ሜንጎ ሰፈር አንድ ክሊኒክ ውስጥ ወረፋ እየጠበቅኩ እልልታዬን አቀለጥኩት!

የታይሮይድ ካንሰሬ እንዴት እንደሚታከም ከሐኪሟ ጋር የምንመክርበት ቀን ነበር። ጓደኛዬ አልማዝ እንደ ሐኪሟ ሆና ጥያቄዎቼን ታለማምደኝ ጀመር።

«የታይሮይድ ዕጢዬ በግማሽ ይወጣል ወይስ ሙሉ በሙሉ? ድምፄስ ይጎዳል?»

«የትኛው ድምፅሽ?» አለችኝ።

እኛ ሰፈር ኪሰንዪ ያለ እኔ እልልታ የተዳረች ሐበሻ የለችም (ጉራ አይደለም፣ ሙሽሮቹን ጠይቁ)። አሳየኋት።

ወረፋ የያዙት ኡጋንዳውያን እናቶች የዳንኩ መስሏቸው ተነስተው በእልልታ አጀቡኝ! ሐኪሟ በሩን ከፍተው «ማን ዳነ?» አሉ።

«ገና ነው ዶክተር፤ እንዲያተርፉልኝ የምፈልገው ድምፅ ግን ይሄ ነው» አልኳቸው። እየሳቁ ፋይሌ አናት ላይ ጻፉት።

እናንተስ፣ ሐኪም እንዲያተርፍላችሁ የለመናችሁት ነገር ምን ነበር?